ሰባት ወልጄ አምስት ቀረልኝ

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ከምወዳቸው ሥራዎች አንዱ ስም መጥራት ነበር። ባልደረቦቼ "ጊዜ ማባከን ነው" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን የአገራችንን የቤት ውስጥ ታሪክ ከተማሪ ስም ዝርዝር የበለጠ የሚናገር ሰነድ አላየሁም። ጦርነት አለበት፣ ስደት አለበት፣ ሹመት አለበት፣ ከጎረቤት ጋር የተደረገ ጠብ ሳይቀር አለበት። ከሁሉም በላይ ግን ሞት አለበት። ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ። አንዳንዱ በአያት ወይም በአጎት ሞት ማግስት የተወለደ ነው። ብዙው ግን ከእሱ በፊት መጥቶ ሳይቆይ የሄደ ወንድም ወይም እህት አለው። ለጨቅላ ሐውልት አናቆምም፤ ድንኳን እንኳ አንጥልም። የሟቹን ነገር በሚቀጥለው ልጅ ስም ላይ ጽፈን ዝም እንላለን።

ስም ግን የማይነግረን ነገር አለ። "ማስረሻ" ሲባል የተረሳው ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሞተ፣ ይተርፍ እንደነበረ አይናገርም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህን ጥያቄ ደብተርና እርሳስ ይዞ፣ ቤት ለቤት እየዞረ መጠየቅ ስለተጀመረበት አንድ የአገራችን ጥግ ነው። ጥጉ መስቃን ነው፤ ከተማው ቡታጅራ።

አባቴ መምህር ስለነበር የልጅነቴ እኩሌታ ያለፈው እሱ በተመደበባቸው ከተሞች ነው። በ1979 ዓ.ም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ያገኘኝ ቡታጅራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ውስጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን በሸዋ ክፍለ ሀገር የሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ይባል ነበር። ሆስፒታል የሚባል ነገር በከተማው አልነበረም፤ ጤና ጣቢያ ነበረ። ከዚያ የባሰበት በአልጋ ተሸክመው፣ መኪና ከተገኘም በመኪና ወደ አዲስ አበባ ይወስዱታል። ሕፃን ግን በአልጋ አይታዘሉለትም። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ጊዜም መንገዱን ሳይጨርሰው ይቀራል።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ደብተር ይዞ ቤታችን መጣ። ቆጠራ ነው አለ። በዚያ ዘመን ቆጠራ የሚለው ቃል ደስ አያሰኝም። ቆጠራ ማለት መዋጮ ነው፣ ቆጠራ ማለት መንደር ምሥረታ ነው፣ ወንድ ልጅ ላለው ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ነው። እናቴ ታላቅ ወንድሜን ወደ ጓዳ ገፍታ አስገባችና በሩ ላይ ቆመች። ልጁ ግን ስለ ግብርም ስለ ዘመቻም አልጠየቀም።

"እትዬ፣ ስንት ልጅ ወልደዋል?" አላት።

"አምስት።"

"በጠቅላላ የወለዱት ማለቴ ነው። ያረፉም ካሉ?"

እናቴ ቆየች። ከዚያ "ሰባት ወልጄ አምስት ቀረልኝ" አለች። የአንዷን አውቃለሁ፤ ታናሼ ነበረች፣ ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ሌላውን ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከእኔ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበረ። እኔ ሦስተኛ ልጅ ነኝ ብዬ ያደግሁት አራተኛ ነበርኩ ማለት ነው። ለካ እኔም ምትኩ ነኝ፤ ስሙ ብቻ አልወጣልኝም።

የዚያ ወጣት ደብተር ከየት እንደመጣ የተረዳሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የጀመረው ነው፤ ስሙም የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮጀክት። ወጪውን የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት ረዳ። እ.ኤ.አ. በ1986 በያኔው መስቃንና ማረቆ ወረዳ ካሉት የገበሬ ማኅበራት ዘጠኝ፣ ከቡታጅራ ከተማ አንድ ቀበሌ በዕጣ ተመረጡ። ከዘጠኙ አንዱ መስቃን ራሱ ነው፤ ዶበናና ሆቤም አሉበት። ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። ከ1987 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የአካባቢው ልጆች የሆኑ መዝጋቢዎች በየወሩ እየተመላለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን አገር ለቆ ሄደ እያሉ ይጽፉ ጀመር። የዚህን ሥራ መሠረት ከጣሉት አንዱ ዶክተር ደስታ ሻመቦ ናቸው።

"ይህ ምን ይደንቃል? ልደትና ሞት መመዝገብ የማንኛውም መንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ነው። ነገር ግን አገራችን የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በ1976 ዓ.ም ነው። ልደትና ሞት በሕግ የሚመዘገብበት ሥርዓት በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም ነው። በመሐል የተወለደውና የሞተው ሕፃን ሁሉ በእናቱ ሆድ ውስጥ ብቻ የተመዘገበ ነው።

ሐኪሞቹ አልነበሩም ወይ? ነበሩ። በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞቻችንም የተማሩት በእሱ ግቢ ነው። ችግሩ ሆስፒታል የሚያየው የደረሰለትን ብቻ መሆኑ ነው። በመንገድ የቀረውን አያይም፤ ከቤት ያልወጣውን ጨርሶ አያውቀውም። ይህ ጉዳይ አስቀድሞ የከነከናቸው ሰዎች አሉ። ሌናርት ፍሬይ የሚባሉት ስዊድናዊ የሕፃናት ሐኪምና ስቲግ ዋል የሚባሉት የስታቲስቲክስ ሰው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ሠፈር ቤት ለቤት ዞረው የሕፃናትን ጤና አጥንተዋል። ልጁ የሚታመመው የት ነው? በምን ዓይነት ቤት? ማን እየጠበቀው? የቂርቆሱ ጥያቄ ነው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ መስቃን የወረደው።

እንግዲህ ቆጠራው ሲጀመር አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበረ። ሞተ የተባለው ልጅ በምን ሞተ? የሞት የምስክር ወረቀት የለ፣ የሐኪም ካርድ የለ። የተገኘው ዘዴ እናትን መጠየቅ ነው። ይህ የቃል ምርመራ ይባላል። ከቀብር በኋላ፣ ሐዘኑ ትንሽ ረገብ ሲል፣ መዝጋቢው ይመለስና ይጠይቃል። ትኩሳት ነበረው? ያስቀምጠው ነበር? ሽፍታ ወጥቶበት ነበር? ይስል ነበር? ሲተነፍስ ይፈጥን ነበር?

አንዱን ምርመራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በ1980 ዓ.ም የጎረቤታችን ልጅ ሞተ፤ ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ። መዝጋቢው በመጣ ጊዜ እናቴ ጎረቤቷን ብቻዋን አልተወቻትም፤ እኔም ቡናውን አቀርባለሁ ብዬ እዚያው ነበርኩ። ሴትየዋ ጥያቄውን ሁሉ በአንድ ቃል በአንድ ቃል እየመለሰች ቆየችና አተነፋፈሱ ላይ ሲደርስ ድምፅዋ ተቀየረ። "ጎኑ እንደ ወናፍ ነበር። ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ወጣ" አለች። መዝጋቢው ጻፈ። እናቴ መሬት መሬት እያየች "የኔይቱም እንዲያ ነበረች" አለች፤ ለማንም አይደለም። እህቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆ ታሽታለች። ሦስት ቀን ስላለች ሄደች። እናቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ እያለች ኖራለች።

የደብተሮቹ ድምር ሲወጣ የመስቃን ሕፃናት በብዛት የሚሞቱት በሦስት ነገር ሆኖ ተገኘ፤ በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ፣ በኩፍኝ። ቡዳ በዝርዝሩ ላይ አልነበረም። መጋኛም አልነበረም። ሦስቱም ደግሞ አንድም የሚከተቡባቸው፣ አንድም በርካሽ መድኃኒት የሚድኑ በሽታዎች ናቸው። እኔ ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። የገደለን የማይታወቅ ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ ያለው በሽታ ነው ልጆቻችንን ስም አልባ አድርጎ ሲያስቀር የኖረው።

ዶክተር ደስታና ጓደኞቻቸው ግን በምን ሞተ ብለው ብቻ አላቆሙም። ለምን እሱ ሞተ፣ የጎረቤቱ ልጅስ ለምን ተረፈ ብለው ጠየቁ። የሞተውን ሕፃን ቤት በሕይወት ካሉ እኩዮቹ ቤት ጋር አስተያዩ፤ የቤቱን አሠራር፣ ውኃውን፣ የወላጆቹን ትምህርት። ይህን ማድረግ የተቻለው ሁሉም ሰው አስቀድሞ በደብተር ላይ ስለነበረ ነው። ዝርዝር በሌለበት አገር ከሞተው ጋር የሚነጻጸር እኩያ ከየት ይመጣል?

ቀጥለው የመጡት የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር ሉሉ ሙሔ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ያልሞተውን ልጅ መከታተል ያዙ። በቡታጅራ ዙሪያ ከአንድ ሺህ በላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ለአንድ ዓመት ሙሉ በየቤታቸው አስጎበኙ። ልጁ ምን አመመው፣ እናቱ ምን አደረገች፣ ወዴት ወሰደችው? ይህ ሥራ በ1994 እ.ኤ.አ. በኡሚዮ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት አካል ሆነ። የጥናታቸው ርእሰ ጉዳይ በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው።

ከሁሉ ጥናታቸው እኔን ሥራ ያስፈታኝ ግን በመስቃን ሳይሆን በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን ሆስፒታል ያካሄዱት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በሳንባ ምች የተኙ 500 ሕፃናትን የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር አስተያዩ። ካልታመሙት መካከል ሪኬትስ የነበረባቸው 20 ናቸው። ከታመሙት መካከልስ? 210! ሪኬትስ አጥንት የሚያልፈሰፍስ በሽታ ነው፤ ዋና መነሻው የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ቫይታሚን ዲን ደግሞ ገላችን ከፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል። የጎድን አጥንቱ የለፈሰፈሰ ሕፃን በደንብ ስቦ መተንፈስ፣ አክታውንም በሳል ማስወጣት ያቅተዋል። የቤተሰቡ ብዛት፣ የቤቱ መጣበብ፣ ጡት የጠባበት ጊዜ ሁሉ ተሰልቶ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያላት አገር ብለን በፖስተር ለፈረንጅ ስናስተዋውቅ የኖርን ሰዎች ነን። በፀሐይ እጥረት ልጆቻችን አጥንታቸው ሲለፈስፍ ግን ቤት ውስጥ ጠቅልለናቸው ነበር። "ፀሐይ ይመታዋል"፣ "ብርድ ይገባዋል"፣ "ሰው ዓይን ይበላዋል"። እናቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራሷን የከሰሰችበትን ነገር አስታውሳችሁ? ፀሐይ ላይ አወጣኋት! ያንን ጥናት ካነበብኩ በኋላ ላነብላት ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። ቁጥሩን እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አጥቼ ዓመታት ፈጀሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ትንፋሹ እንመለስ። የሳንባ ምችን በወጉ ለመለየት ሐኪም በማዳመጫ ያዳምጣል፣ ራጅ ያስነሳል። በገጠር ራጅ ከየት ይምጣ? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፍራንክ ሻን የሚባሉ ሐኪም በፓፑዋ ኒው ጊኒ የታዘቡት ነገር ይህን ቋጠሮ ፈታው። በፈሳሽ የተሞላ ሳንባ ይደድራል፤ ልጁ በጥልቀት መሳብ ሲያቅተው አጫጭር ትንፋሽ ያበዛል። ስለዚህ ትንፋሹን ቁጠረው! የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕግ አድርጎ አወጣው። ልጁ ተረጋግቶ ሳለ ልብሱ ገለጥ ይደረግና አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው። ሲስብ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ በርትቷል ማለት ነው። የጎረቤታችን "ወናፍ" በመጽሐፍ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ሴትየዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ምልክቱን ግን ከማንም በፊት በትክክል አይታዋለች። ያጣችው ዕውቀት አልነበረም፤ ያየችውን አይቶ መድኃኒት የሚሰጣት ሰው ነው።

ይህን ዓይነቱን መመሪያ ለመፈተን ከዓለም ቀድማ ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ ጎንደር ናት። የሕፃናትን በሽታዎች በተናጠል ሳይሆን አንድ ላይ ማየት የሚለው አሠራር ገና በረቂቅ ሳለ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በጎንደር የጤና ሠራተኞች ሠልጥነው ሕፃናትን እንዲመረምሩበት ተደረገ። በማግስቱ ዓመት በታንዛኒያዋ አሩሻ ሌላ ፈተና ተከተለ። ውጤቱ በድርጅቱ መጽሔት ላይ በ1997 ታተመ። ዛሬ በመቶ ከሚበልጡ አገሮች የሚሠራበት ሰንጠረዥ የጎንደር ሕፃናት ትንፋሽ ተቆጥሮበታል ማለት ነው። በእነዚያው ዓመታት ሐኪሞቻችን ሌላም ነገር ፈትነዋል። እነ ዶክተር ሉሉ ኦክስጅን ለሚያስፈልገው ሕፃን በየትኛው ቱቦ ቢሰጠው ይሻላል ብለው በዕጣ ከፋፍለው አነጻጸሩ፤ አፍንጫ ላይ ብቻ የሚቀመጠው አጭሩ ቱቦ ወደ ጉሮሮ ከሚዘልቀው ያነሰ ችግር እንደሚያስከትል አሳዩ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። በቱቦው አፍ ላይ ልጁ የተኛበት ሰው ግን ትንሽ አይላትም።

ከዚያስ? ከዚያ ደብተሩ ቀስ እያለ ሥራ ሆነ። በ2003 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። መጀመሪያ ላይ የሳንባ ምችን በመድኃኒት ማከም አይፈቀድላቸውም ነበር። ለዓመታት ከተከራከርን በኋላ፣ ከ2010 ወዲህ ትንፋሽ ቆጥረው መድኃኒት እንዲሰጡ ተፈቀደ። በ2007 ሂብ ለተባለው ተሕዋሲ፣ በ2011 ለኒሞኮከስ፣ በ2013 ለሮታ ቫይረስ ክትባት ገባ። በአገር አቀፍ የጤና ጥናት በ2000 እ.ኤ.አ. ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህን ሁሉ ቡታጅራ አመጣችው አልልም፤ ከክትባቱም፣ ከመንገዱም፣ ከትምህርቱም፣ ከእህሉም ድርሻ አለው። ነገር ግን ምን እንደሚገድለን ሳናውቅ ምኑን እንከተብ ነበር? "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላል ያገሬ ሰው። የማይቆጠር በሽታም እንዲሁ ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

አንደኛው ከመስቃን ነው። ዶክተር መስጋናው ፋንታሁን እንደገና ወደ ቡታጅራ ደብተር ተመልሰው ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። በቤት ውስጥ የሚወስነው ማነው? በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው፣ እናት በቤቷ ጉዳይ ቃሏ በማይሰማበት ቤት የሕፃን ሞት ይበረታል። ልጁ እንደ ወናፍ ሲተነፍስ ያየችው እሷ ናት። ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ግን ባልየው ከገበያ እስኪመለስ፣ ገንዘቡ ከኪሱ እስኪወጣ ትጠብቃለች። የሳንባ ምች አይጠብቅም። ይህን በሽታ የሚፈውስ እንክብል የለም። ክኒኑ በየጤና ኬላው በነጻ ቢታደል፣ "እሺ ውሰጂው" የሚለው ቃል እስካልታደለ ድረስ መንገዱ ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ገና በተወለዱት ላይ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በብዙ ሲቀንሱ፣ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን የዚያን ያህል አልቀነሱም። በ2000 ከሺህ 49 ነበሩ፤ በ2016 29። ዶክተር ሉሉ ሙሔ የዓለም ጤና ድርጅትን አገልግለው ሲመለሱ ያነሱት ጥያቄ ይኸው ነው። ቀናቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናት በምን ይሞታሉ? በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች 4,919 ሕፃናት ተመዘገቡ። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከተኙት 3,852 መካከል በ28 ቀን ውስጥ 1,109ኙ ሞቱ። በ441ዱ ላይ ወላጆች ፈቅደው ከአስከሬናቸው በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታተመ። 45 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት ሳንባቸው ገና ስላልበሰለ ነው፤ 30 በመቶው በኢንፌክሽን፤ 14 በመቶው በወሊድ ጊዜ በመታፈን።

441 የሚለውን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። አስከሬን መንካት ነውር በሆነበት አገር ያን ያህል ወላጅ "የሌላው ልጅ ይትረፍ" ብሎ ፈቅዷል። የመጀመሪያው መዝጋቢ በ1979 ዓ.ም በራችን ላይ ሲቆም እናቴ ወንድሜን ጓዳ ደብቃ ነበር። ከዚያ ጓዳ እስከዚህ ፈቃድ ድረስ ያለው መንገድ ነው እንግዲህ ታሪኩ። በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎቻችን የሳንባ ምች የበረታባቸው ሕፃናት ላይ፣ በውኃ ውስጥ በሚንቦጫረቅ ቀላል የግፊት መሣሪያ ኦክስጅን መስጠት ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዋጋው ርካሽ ነው። ለየወረዳው ሆስፒታል ሁሉ ለማድረስ የሚቀረው ጥናት አይደለም፤ ሐሳብና በጀት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ዕዳ ይታየኛል። በመስቃን ደብተር ላይ የሰፈሩት ቤተሰቦች ለብዙ ዓመታት በራቸውን ከፍተዋል፣ ሐዘናቸውን ተናግረዋል። ከቃላቸው የዶክትሬት ወረቀት ወጥቷል፤ ቃላቸውን በኮምፒዩተር የሚተነትን፣ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ስልት በ2006 እ.ኤ.አ. የተፈተነው በእነሱ ሞት ላይ ነው። ያ ልጁ እንደ ወናፍ ሲተነፍስ ያየች እናት ግን ልጇ በምን እንደሞተ ተመልሶ የነገራት ሰው አለ ወይ? ጥናት የምታካሂዱ ልጆቼ ሆይ፣ ውጤቱን ለመጽሔት ስትልኩ አንድ ቅጂ በሚገባት ቋንቋ ለሴትየዋ አድርሱላት። "ፀሐይ ላይ ስላወጣሻት አይደለም" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ዘጠኝ ዓመት ሊያሳርፍ ይችላል።

እኔ ራሴ ያን ዐረፍተ ነገር ለእናቴ ያደረስኩት ዘግይቼ ነው። አርጅታ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ ነገርኳት። ቁጥሩን ትቼ "ፀሐይ ልጅ አይገድልም፤ እንዲያውም አጥንት ያጠነክራል ይላሉ ሐኪሞቹ" አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና "አሁን ነው የምትነግረኝ?" አለችኝ።

ስታርፍ የሕይወት ታሪኳን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚያነበው የአጎቴ ልጅ ወረቀቱን አስቀድሞ ሲያየው "ተሳስተሃል መሰለኝ" ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "የአምስት ልጆች እናት ነው የሚባለው፤ ሰባት ብለሃል።"

"አልተሳሳትኩም፤ ሰባት ብለህ አንብበው" አልኩት።